አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለስፌት፣ ለክራርና ለሥዕል ቋሚ ቦታ ማውጣት፦ ለደሴና ለአካባቢዋ ተከራዮች

ደሴ ውስጥ ሰርቪስ የተከራየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው 3 በ4 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ነው። መኝታው፣ ማዕድ ቤቱና ሳሎኑ ሁሉም ያ ነው። ስለዚህ አለላው ማዳበሪያ ውስጥ ታስሮ አልጋ ሥር ይገባል፣ ክራሩ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፣ የሥዕሉ ወረቀት ተጠቅልሎ ጥግ ይቆማል፤ ሁሉም ሰፋ ያለ ቤት እስኪገኝ ይጠብቃል። ይህ መመሪያ ያንን ቤት ሳትጠብቁ እዚያው 12 ካሬ ላይ የሥራ ቦታ እንድታወጡ ነው።

ከወለሉ በፊት ከፍታውን አስሉ። ሰፌድና መሶብ መስፋት፣ ጥልፍ፣ ፈትል፣ ክራርና ማሲንቆ ሁሉም በርጩማ ላይ ዝቅ ብለው የሚሠሩ ናቸው። በርጩማው 30 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ከመቀመጫው እስከ አናቱ ከ85 እስከ 90 ሳ.ሜ. ነው፤ ድምሩ ቢበዛ 120 ይመጣል። ስለዚህ አልጋውን ቆጥ አድርጋችሁ ከሥሩ 125 ሳ.ሜ. ብትተዉ፣ የአልጋው ስፋት በሙሉ የሥራ ቦታ ይሆናል። በየሥዕሉ የሚታየው የፈረንጅ ቆጥ አልጋ ከሥሩ ቆሞ መሄድን ስለሚያስብ 3 ሜትር ገደማ ኮርኒስ ይጠይቃል፤ ያንን አይተው «የኛ ቤት አይችለውም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ግን 2 ሜትር ከ45 ይበቃል።

ልኬት

አራቱንም ግድግዳ ለየብቻ ለኩ። የጭቃ ቤት ግድግዳ ፊት ለፊት ካለው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፤ 5 ወይም 10 ሳ.ሜ. መለያየቱ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ሰያፉን ለኩ፦ 3 በ4 የሆነ ክፍል ማዕዘኑ ትክክል ከሆነ ሰያፉ ልክ 5 ሜትር ነው። ከዚያ ከራቀ፣ ማዕዘን ላይ የሚገባውን እንጨት ሁሉ በስኳድራ ሳይሆን በቤቱ ልክ መቁረጥ ግድ ይላል። ኮርኒሱን ደግሞ መሐል ላይ ብቻ አትለኩ። አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ የተወጠረበት ኮርኒስ መሐሉ ይረግባል፣ ጣራው ወዳጋደለበት በኩል ደግሞ ዳሩ ዝቅ ይላል። ቆጡ የሚያርፍበትን ማዕዘን ለይታችሁ ለኩ።

ከዚያ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሳሉ፦ በሩ ሲከፈት የሚጠርገውን ግማሽ ክብ፣ ቆጡን (1 ሜትር በ2 ሜትር)፣ ማብሰያውን፣ ልብሱን። የወሎ ቤት የማይተዋቸው ሁለት ባዶ ቦታዎችም አብረው ይሳሉ። አንዱ የቡና ነው፤ ረከቦቱ ተቀምጦ አራትና አምስት ሰው ሦስተኛውን እስኪጠጣ ድረስ የሚቀመጥበት 2 ሜትር በ2 ሜትር ያህል ቦታ። ሌላው ለሚሰግዱ የመስገጃው ቦታ ነው፤ 70 በ120 ሳ.ሜ. ይበቃዋል። ከደሴ መካ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በሰሜን ግድግዳ በኩል የሚቆም ዕቃ ተጣፊ መሆን አለበት። በጠመኔው ሥዕል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ኑሩበት። በየቀኑ የምትረግጡት መስመር የተሳሳተ ነው፤ አጥፍታችሁ ሌላ ሳሉ። እንጨት ከተቆረጠ በኋላ ከማረም ይህ ይሻላል።

ግድግዳዎቹን ማወቅ

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ብዙ ቤቶች ጀርባቸው አፈር ተቆርጦ የተጠጋ ነው። ያ ወደ ተራራው የዞረ ግድግዳ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ፣ በበልግም ጭምር፣ ከአፈሩ እርጥበት ይስባል። በዓይን ደረቅ ቢመስልም አትመኑት። 40 በ40 ሳ.ሜ. የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ዳር በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉና ሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከተገኘ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው የሚመጣው፤ እዚያ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ስፌትም ሆነ የሙዚቃ መሣሪያ አይጠጋም። ከላይ ከሆነ ከቤቱ አየር፣ ማለትም ከማብሰያው እንፋሎትና ከትንፋሽ ነው፤ ይሄኛው መስኮት በመክፈት ይቃለላል። ፕላስተሩ ጭቃ ላይ አልይዝ ካለ ዳሩን በጭቃ ምረጉት።

ሁለተኛው ጉዳይ ግድግዳው ምን ይሸከማል የሚለው ነው። ብሎኬት ከሆነ ትራፓኖና ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) ይሠራል። በጭቃ ግድግዳ ግን ፊሸር አይያዝም፤ ጭቃው ይፈረፈርና ጊዜውን ጠብቆ ከነዕቃው ይወርዳል። መያዝ ያለበት ጭቃው ውስጥ ያለው የእንጨት ቋሚ ነው። በጣት አጥንት እያንኳኳችሁ ሂዱ፤ ድምፁ የሚጠጥርበትን ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ቀጭን ሚስማር ሰክታችሁ አረጋግጡ። ማገር ከሆነ ሚስማሩ ትንሽ ገብቶ ይላላል፤ ቋሚ ከሆነ ይነክሳል። የጎረቤት መለያው ችፑድ ከሆነ ምንም አትስቀሉበት። እዚህ የሚታዩት ሁለቱም ሥራዎች፣ ቆጡና ተጣፊው ጠረጴዛ፣ ክብደታቸውን ወለል ላይ የሚያሳርፉት ለዚህ ነው፤ ግድግዳው እንዳይንገዳገዱ ብቻ ይይዛቸዋል።

ቆጡ

የሚያስፈልገው፦

- 8 በ8 ሳ.ሜ. የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ 4 ቋሚ፣ ቁመቱ 165 ሳ.ሜ.
- 5 በ15 ሳ.ሜ. ወፍራም ጣውላ፦ 2 ባለ 200 ሳ.ሜ. እና 2 ባለ 100 ሳ.ሜ.
- 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረትና 10 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጣውላ፣ 100 ሳ.ሜ. የሆነ 14 ፍሬ (ፍራሹ የሚያርፍበት ርብራብ)
- 10 ሚሊ ሜትር ብሎን 16 ፍሬ፣ ርዝመቱ 16 ሳ.ሜ.፣ ለእያንዳንዱ ዳዶ (የብሎኑ ማጥበቂያ) እና ሁለት ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት)
- ለሰያፍ ድጋፍ 4 በ5 ሳ.ሜ. ሞራሌ (ቀጭን የተሰነጠቀ እንጨት)፣ 60 ሳ.ሜ. የሆነ 6 ፍሬ
- ለመከለያ አንድ ጣውላ፣ 5 ሳ.ሜ. እና 8 ሳ.ሜ. ቪቴ (ጥርስ ያለው ሚስማር)፣ ብርጭቆ ወረቀት

ከገበያ የሚመጣ ባሕር ዛፍ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። እርጥቡን ብትሠሩበት በሁለት ወር ውስጥ ይጣመማል፣ ብሎኑም ይላላል። ከጥላ በታች፣ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያደረጋችሁ ደርድሩትና ቢያንስ ሦስት ሳምንት አቆዩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ጫፉ ይሰነጠቃል። ስትመርጡ አንዱን ጫፍ ዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁ ወደ ሌላው ጫፍ እዩ፤ የተጣመመው ወዲያው ይታያል።

ረጃጅሞቹን ጣውላዎች በቋሚዎቹ ላይ በጎናቸው አቁማችሁ አስሩ፤ የታችኛው ጠርዛቸው ከወለል 125 ሳ.ሜ. ይሁን። በየጫፉ ሁለት ብሎን ይገባል፤ ቋሚው 8፣ ጣውላው 5 ስለሆነ 16 ሳ.ሜ. ብሎን ለዳዶውና ለሮንዴላው የሚተርፈው 3 ሳ.ሜ. ነው። አጫጭሮቹን ስታስሩ ቀዳዳውን ከመጀመሪያዎቹ 3 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። ይህ ካልተደረገ ቋሚው ውስጥ ብሎን ከብሎን ይጋጫል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ሰፋ አድርጎ መብሳት አልጋው እንዲወዛወዝ ያደርጋል። ሚስማር ብቻ ተጠቅሞ ቆጥ መሥራት ግን አይገባም፦ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ሚስማር በትንሽ በትንሹ ይወጣል።

ሰያፍ ድጋፎቹን ከቋሚው ወደ ጣውላው በ45 ዲግሪ ግጠሙ፤ በጀርባው ረጅም ጎን ሁለት፣ በሁለቱ አጭር ጎኖች ደግሞ ሁለት ሁለት። ሰያፍ የሌለው ቆጥ ምንም ያህል ብሎኑ ቢጠብቅ ይወዛወዛል። የፊቱን ጎን ባዶ ተዉት፤ ገብታችሁ የምትቀመጡት በዚያ ነው። 14ቱን ርብራብ 4.5 ሳ.ሜ. እያራራቃችሁ በየጫፉ በሁለት የ5 ሳ.ሜ. ቪቴ እሰሩ። ክፍተቱ ለፍራሹ አየር ነው፤ በደሴ ቅዝቃዜ ስፖንጅ ፍራሽ ድፍን ሳንቃ ላይ ከተኛ ከሥሩ ላብ ይዞ ይሻግታል። ከፍራሹ በላይ የሚተርፍ 25 ሳ.ሜ. መከለያ በፊት በኩል ይደረግ፤ በርብራቡና በ10 ሳ.ሜ. ፍራሽ ላይ ሲደመር መከለያው ለብቻው በሁለት አጭር ሞራሌ መቆም ይኖርበታል። በመጨረሻ የኋላ ቋሚዎቹን ከግድግዳው ቋሚ ጋር በአንድ አንድ ረጅም ቪቴ አያይዙ።

የላይኛው ሒሳብ ይህ ነው፦ 125፣ ጣውላው 15፣ ርብራቡ 2.5፣ ፍራሹ 10፣ ቁጭ ለማለት 90፤ ድምሩ 242.5። ኮርኒሳችሁ 235 ከሆነ ከላዩ ላይ ቀንሱ እንጂ ከሥሩ አትቀንሱ። ተኝቶ ጎንበስ ማለት ይለመዳል፤ ጎንበስ ብሎ ሰፌድ መስፋት ግን ወገብ ይፈጃል።

ተጣፊው ጠረጴዛ

ለሥዕል፣ ለልብስ መቁረጥና ለስፌት መኪና ጠረጴዛ ግድ ነው። የተለመደው ስሕተት ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ በማጠፊያ አስሮ እግሩን ከሰሌዳው ፊት ማንጠልጠል ነው። ጠረጴዛው 74 ሳ.ሜ. ከፍታ፣ 60 ሳ.ሜ. ስፋት ካለው እግሩ 72 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ 72 ደግሞ 60 ውስጥ አይታጠፍም። መፍትሔው እግሩን እንደ በር ከግድግዳው በኩል ማንጠልጠል ነው።

አንድ ሉክ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ሰሌዳ) 122 በ244 ሳ.ሜ. ነው። በ122 በኩል 60 ሳ.ሜ. እያላችሁ ስታስቆርጡ አራት ይወጣል፤ መጋዙ የሚበላው በየቁርጡ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ይበቃል። አንዱ ለጠረጴዛው ነው። ሦስቱ ለመደርደሪያና ለሳጥን ይቀመጣሉ። የጠረጴዛውን ቁራጭ እንደገና 12 እና 48 አድርጋችሁ ሰንጥቁ፤ 12ቱ የማይታጠፈው ከንፈር፣ 48ቱ የሚታጠፈው ነው።

ከ4 በ5 ሞራሌ መጀመሪያ የግድግዳውን ፍሬም ሥሩ፦ ሁለት ቋሚ 72 ሳ.ሜ.፣ በላይና በታች ሁለት አግዳሚ 112 ሳ.ሜ.። 4 ሳ.ሜ. ጎኑ ከግድግዳው ወደ ፊት የሚወጣው ይሁን፤ ቋሚዎቹ በየጎኑ 5 ስለሚይዙ ጠቅላላው 122 መምጣቱን ለኩ። ፍሬሙ ወለል ላይ ቆሞ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ከግድግዳው ቋሚ ጋር በ10 ሳ.ሜ. ቪቴ ይታሰራል። ቀጥሎ ሁለት በሮች፦ እያንዳንዱ 70 ሳ.ሜ. ቁመት፣ 45 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ባዶ ፍሬም፣ ውፍረቱ 4 ሳ.ሜ.። ከወለል 2 ሳ.ሜ. ከፍ ብለው ከፍሬሙ ፊት፣ በግራና በቀኝ ጫፍ በሁለት ሁለት ማጠፊያ ይንጠልጠሉ። የላይኛው ጠርዛቸው ከፍሬሙ አናት ጋር እኩል መሆኑን በቀጥ ያለ እንጨት ፈትሹ፤ አንዱ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። በጠቅላላው ወደ 8 ሜትር ሞራሌ ይሄዳል፤ ለብክነት 9 ወይም 10 ግዙ።

የ12 ሳ.ሜ. ከንፈሩን ከፍሬሙ አናት ላይ በኮላና በቪቴ ምቱ። ፍሬሙ 4፣ በሮቹ 4 ስለሆኑ 3 ወይም 4 ሳ.ሜ. ይተርፋል፤ የማጠፊያው ጉብታ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሰፊውን ሰሌዳ ከከንፈሩ ጋር ከሥር በሦስት ማጠፊያ አያይዙ። የማጠፊያው ቪቴ ከ15 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፤ ሰሌዳው 18 ነው፣ ከማጠፊያው ጋር የሚመጣው ቪቴ ደግሞ አንዳንዴ 20 ሆኖ አናቱን ይበሳል። ሰሌዳውን አንስታችሁ በሮቹን 90 ዲግሪ ስትከፍቱ 60 በ122 የሆነ ጠረጴዛ አገኛችሁ። ሲታጠፍ ከግድግዳው የሚወጣው 14 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ መስገጃውም ረከቦቱም ቦታቸውን ያገኛሉ። በሮቹ ወደ ኋላ አልፈው እንዳይሄዱ ከሰሌዳው ሥር፣ ጫፉ አጠገብ፣ 1 ሳ.ሜ. የሆነች ስስ ማቆሚያ ለጥፉ። በጣም ከወፈረች ሰሌዳው ሲታጠፍ በሩን ትገፋለች።

ጠረጴዛውን የሰሜን መስኮት ካለበት ጎን ማድረግ ለሥዕል ይመረጣል፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። ደሴ ግን ከምድር ወገብ በ11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ከሚያዝያ 11 እስከ ነሐሴ 18 አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች። በግንቦትና በሰኔ ስስ ነጭ አቡጀዲ መጋረጃ ያስፈልጋል።

የየሥራው ዕቃ

አለላና አክርማ አየር ይፈልጋል። በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ በክረምት ሻግቶ ቀለሙ ይጠቁራል። በቀለም በቀለሙ አስራችሁ ከቆጡ ጣውላ ውስጠኛ ጎን፣ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይንጠልጠል፤ እጅ ከተቀመጡበት ይደርሳል። ወስፌው፣ መቀሱና የተጀመረው ሰፌድ አንድ አገልግል ውስጥ ይሁኑ፤ ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ እጅ መነሣት አለበት። ለማዘጋጀት ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ነገር በሥራ ቀን ማታ አይነካም።

ክራርና ማሲንቆ ከወለል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ብለው፣ ወደ ተራራው ያልዞረ ግድግዳ ላይ፣ ከማብሰያው ሜትር ተኩል ርቀው ይሰቀሉ። የማሲንቆው ቆዳ በእርጥበት ይረግባል፣ ድምፁም ይደክማል፤ በእሳት አጠገብ ለማድረቅ መሞከር ደግሞ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ማድረቁን በቀን ፀሐይ በረንዳ ላይ፣ በጥላ ጠርዝ አድርጉት። ጎረቤት በችፑድ ብቻ ሲለይ ደግሞ ከቆጡ ሥር ወፍራም ጋቢ ወይም ምንጣፍ በኋላ በኩል መጋረድ ድምፁን ያለዝበዋል፤ አይዘጋውም። ባቲም ሆነ አምባሰል የምትለማመዱበትን ሰዓት ከጎረቤት ጋር መነጋገር ይሻላል።

የሥዕል ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጥ፤ ከቀሩት ኮምፔንሳቶዎች አንዱን 10 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጋችሁ ከቆጡ ሥር በኋላ ግድግዳ በኩል መደርደሪያ አድርጉት፤ ከግድግዳው 5 ሳ.ሜ. ራቅ ይበል። በዚህ መጠን ክፍል ውስጥ የዘይት ቀለም አንመክርም። ቲነሩ የምትተኙበትን አየር ይበክላል፤ በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ደግሞ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። የግድ ከሆነ ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ይበቃል።

መብራትና እሳት

ከቆጡ ሥር ጨለማ ነው። 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል ከፊት ጣውላው ጀርባ፣ ከግራ ትከሻ በላይ አድርጉ፤ በግራ እጁ ለሚሠራ በቀኝ። ከሠሪው ጀርባ የሚበራ መብራት የራስን ጥላ ሥራው ላይ ይጥላል። ባለ 10 አምፔር ማራዘሚያ በ220 ቮልት የሚችለው 2200 ዋት ነው። ካውያ ብቻውን ከ1000 እስከ 2000 ይወስዳል፣ ምድጃውም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ማራዘሚያ ላይ ሲሰኩ ገመዱ ይሞቃል፣ ከዚያ ሶኬቱ ይቀልጣል። የስፌት መኪና ሞተርና አምፖል አብረው ቢሰኩ ምንም አይሉም።

ከሰል፦ በደሴ ብርድ በር ዘግቶ ምድጃ አስገብቶ መሥራት የሚያጓጓ ነው፤ አታድርጉት። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የቡናው ከሰልም በርና መስኮት ክፍት ሆኖ ይነድ፣ ቆጡ ላይ የተኛ ሰው ካለ ወደ በረንዳ ይውጣ፣ ሲያልቅ ፍሙ ውጭ ይፈሰስ። ለብርዱ ጋቢና ከእግር ሥር ወፍራም ምንጣፍ ይበጃል።

ኮምቦልቻ፣ ባቲና ከሚሴ ከሆነ

ቆጡ ደጋ ላይ ጥሩ ነው፣ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ። በቆላና በወይና ደጋው በኩል ግን ቆርቆሮው ቀን የያዘውን ሙቀት እስከ ማታ ይለቃል፤ ከ1 ሜትር በታች ቀርቦ መተኛት አይቻልም። እዚያ ቆጡን ለዕቃ ብቻ አድርጉት፣ አልጋው ዝቅ ይበል፣ ሥራው በረንዳ ላይ ይሁን። የእርጥበቱ ጉዳይ በጣም ይቀላል፣ ምስጡ ግን ይብሳል፤ የእንጨቱን እግሮች በተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብታችሁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙ። የተቀባውን ጫፍ ጨርቅ እንዳይነካው።

ከመልቀቃችሁ በፊት

ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ፤ በቁጥር «ይህን ያህል ቀዳዳ፣ እዚህ ቦታ» ብላችሁ ስታሳዩ እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በማይጠፋ ቀለም ቁጥር ስጡት፦ ቋሚው ላይ 1፣ የሚገጥመው ጣውላ ላይም 1። ቤት ስትቀይሩ ብሎኖቹ ከነዳዶና ሮንዴላቸው አንድ ጣሳ ውስጥ ይግቡ። የግድግዳው ቀዳዳ ብሎኬት ከሆነ በጀሶ፣ ጭቃ ከሆነ በጭድና በጭቃ ይደፈናል፤ ጭቃውን ከመድፈናችሁ በፊት ቀዳዳውን ውሃ ርጩበት፣ ያለበለዚያ ሲደርቅ ተፈልጦ ይወድቃል። አዲሱ ቤት ሰፊ ቢሆንም ባይሆንም መጀመሪያ የሚለካው ኮርኒሱ ነው፤ ከፍ ያለ ከሆነ ከቋሚዎቹ ሥር 10 ሳ.ሜ. እንጨት ጨምሩ፣ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ቋሚዎቹን ከታች አትቁረጡ፤ እንደተባለው ከላዩ ላይ ቀንሱ።